እንውጣ ወይስ እንቆይ? ድምጽ ከመስጠታችሁ በፊት ማወዳደር ያለባችሁ

በ2016 ጁን 23 ቀን ብሪታንያውያን ወደ ድምጽ መስጫ ጣቢያ ሲገቡ የተሰጣቸው ወረቀት ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበር። አንዱ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ መቆየት፣ ሌላው ከኅብረቱ መውጣት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 51.9 በመቶው መውጣትን መረጠ፣ 48.1 በመቶው መቆየትን። በማግስቱ ደስ ያለውም የከፋውም አንድ ጥያቄ ላይ ተገናኙ። እሺ፣ ወጥተን ወዴት?

መልሱን ለማግኘት አራት ዓመት ተኩል ፈጀ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በዚሁ ጉዳይ ከሥልጣን ወረዱ። ጊዜው ሳይደርስ ሁለት ምርጫ ተካሄደ። ይህን ሁሉ ያመጣው የመራጩ ስንፍና አይመስለኝም። ሰዉ አስቦ፣ ተከራክሮ፣ ቤቱ ውስጥ ተጣልቶ ነው የመረጠው። ችግሩ ያለው እንዲያወዳድር የተሰጠው ነገር ላይ ነው።

ስለዚህ እናንተም ከአንድ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚል ጥያቄ ከቀረበላችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። መቆየትን «ከመውጣት» ጋር አታወዳድሩ። «መውጣት» የሚባል አንድ ነገር የለም። መቆየትን በስም ከሚታወቅ አንድ የመውጣት ዓይነት ጋር አወዳድሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ እንዲረዳችሁ የተጻፈ ነው። ዋናው ምሳሌዬ ብሪታንያ ናት፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የሄደችበት እሷ ስለሆነች።

መቆየትም ባለበት አይቆምም

ብዙ ሰው መቆየትን «እንደ ድሮው መቀጠል» አድርጎ ያየዋል። ልክ አይደለም። ብሪታንያ በ1973 ስትገባ ማኅበሩ ዘጠኝ ሀገር ነበር። በ2016 ሃያ ስምንት ደርሷል። በ1975 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 67 በመቶው መቆየትን ሲመርጥ፣ ብዙው ሰው በአእምሮው የያዘው የጋራ ገበያን ነበር። ከዚያ በኋላ የኅብረት ዜግነት መጣ፣ የጋራ ገንዘብ መጣ፣ ድንበር ላይ ፓስፖርት የማይጠየቅበት ቀጠና መጣ። «እኔ የመረጥኩት ይሄን አይደለም» ያሉ አዛውንቶች ዝም ብለው አላጉረመረሙም። እውነት ነበራቸው።

በሌላ በኩል ብሪታንያ ውስጥ ሆና ያገኘችውም ቀላል አልነበረም። ፓውንዷን አልተወችም። ፓስፖርት የማይጠየቅበት ቀጠና ውስጥ አልገባችም። ከ1984 ጀምሮ ከመዋጮዋ ቅናሽ ይደረግላት ነበር። «ብራስልስ ሁሉንም ይወስንብናል» የሚለው ንግግር ይህን ይዘነጋል።

ስለዚህ መቆየትን ስትመዝኑ ሁለት ነገር ጠይቁ። ኅብረቱ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ወዴት እየሄደ ነው? እኛስ «አይሆንም» የማለት መብት ያለን የት የት ላይ ነው? በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ታክስንና የውጭ ፖሊሲን በመሳሰሉ ጉዳዮች የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። በብዙ ሌሎች ጉዳዮች ግን 55 በመቶ የሚሆኑት ሀገሮች፣ 65 በመቶውን ሕዝብ ከወከሉ፣ ተቃዋሚውን ጥለው ማለፍ ይችላሉ። ይህ ልዩነት በሰልፍ ንግግር ላይ አይነሳም። መነሳት የነበረበት ግን እሱ ነው።

መውጫው ብዙ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የመጀመሪያው የኖርዌይ መንገድ ነው። ኖርዌጂያውያን አባል እንሁን ወይ ተብለው ሁለት ጊዜ ተጠይቀው፣ በ1972ም በ1994ም እምቢ አሉ። ግን ከአይስላንድና ከሊክተንስታይን ጋር ሆነው የኅብረቱ ነጠላ ገበያ ውስጥ አሉ። ዕቃቸውም አገልግሎታቸውም በአብዛኛው እንደ አባል ሀገር ይንቀሳቀሳል። ዓሣቸውንና እርሻቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ። በምትኩ የኅብረቱ ዜጋ ኖርዌይ መጥቶ መሥራት ይችላል፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ የገበያውን ሕግ ይቀበላሉ። ሕጉ ሲወጣ ግን ድምጽ የላቸውም። ለኪስ ይህ ከሁሉ የለሰለሰው መውጫ ነው። «ሕጋችንን ራሳችን እናውጣ» ብሎ ለሚወጣ ሰው ግን ከሁሉ የሚያንሰው ነው። አባል እያለ የነበረውን ድምጽ አጥቶ ሕጉ ይቀርለታል።

የስዊዘርላንድ መንገድ ደግሞ አንድ በአንድ መዋዋል ነው። በ1992 ስዊሶች የኖርዌይን ዓይነት አባልነት በ50.3 በመቶ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ስምምነት ከኅብረቱ ጋር ተፈራርመዋል። ነጻነት ይመስላል፣ በከፊልም ነው። ነገር ግን ዋና ዋናዎቹ ስምምነቶች ተያይዘዋል፤ አንዱ ከፈረሰ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። በ2014 ስዊሶች የስደተኛን ቁጥር ለመገደብ ድምጽ ሲሰጡ ይህ ፊታቸው ተደቀነ። ኋላ ላይ ፓርላማቸው በጣም የለዘበ ሕግ አውጥቶ ነው ያለፉት። ይህ መንገድ ትዕግሥት፣ ጊዜና ብዙ ተደራዳሪ ይጠይቃል። በአንድ የምርጫ ዘመን እንጨርሰዋለን የሚል ፖለቲከኛ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ቱርክ ከኅብረቱ ጋር የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ናት፤ ከሌላ ሀገር በሚመጣ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ ማለት ነው። የፋብሪካ ዕቃዋ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ እርሻና አገልግሎት በአብዛኛው ውጭ ናቸው። የሰው ዝውውር የለም። አንድ የማይወራለት ጣጣ ግን አለ። ኅብረቱ ከሌላ ሀገር ጋር ንግድ ሲዋዋል የዚያ ሀገር ዕቃ ወደ ቱርክ ይገባል፤ ቱርክ ግን በዚያ ሀገር ተመሳሳይ መብት ለማግኘት ለብቻዋ መደራደር አለባት። ተደራዳሪ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ቀረጣችሁ ይወሰናል ማለት ነው።

የካናዳ መንገድ ነጻ የንግድ ስምምነት ነው። መዋጮ የለም፣ የሰው ዝውውር የለም፣ ቀረጥ አብዛኛው ተነሥቷል። ግን ድንበር ላይ ወረቀት አለ፤ የጉምሩክ መግለጫ፣ የጤና ምርመራ፣ ዕቃው የት እንደተሠራ የሚያሳይ ማስረጃ። ትልቅ ድርጅት ይህን የሚሠራ ሰው ይቀጥራል። ሦስት ሠራተኛ ያለው አነስተኛ ነጋዴ ግን ሌሊቱን ቅጽ ሲሞላ ያድራል፣ ወይም ወደ ውጭ መላኩን ይተወዋል። ሌላው ጊዜ ነው። ካናዳ ድርድሩን በ2009 ጀምራ በ2016 ነው የፈረመችው። ብሪታንያ መጨረሻ ላይ የደረሰችው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ስምምነት ላይ ነው። ያም በ2020 ዲሴምበር 24፣ በይፋ ከወጣች በኋላ የድሮው ደንብ የሚቀጥልበት የመሸጋገሪያ ጊዜ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የተጠናቀቀው።

የመጨረሻው ያለ ስምምነት መውጣት ነው። ያኔ የሚሠራው የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ብቻ ይሆናል። መኪና ወደ ኅብረቱ ሲገባ 10 በመቶ ቀረጥ፣ በአንዳንድ የምግብ ዓይነት ላይ ከዚያ በጣም የበለጠ። ይህን የሚመርጥ ሰው ካለ መብቱ ነው፤ ግን ስሙን ጠርቶ ይምረጠው።

አሁን ወደ 2016 እንመለስ። ከድምጹ በፊት አንዳንዶቹ የመውጣት ደጋፊዎች ኖርዌይን እያነሡ ያደንቁ ነበር። ብሪታንያ ከነጠላ ገበያው ጭምር እንደምትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ በግልጽ የተናገሩት በጃንዋሪ 2017፣ ድምጹ ከተሰጠ ሰባት ወር ገደማ በኋላ ነው። መራጩ ከመረጠ በኋላ ነው የመረጠውን ያወቀው። በማርች 2019 ፓርላማው ስምንት አማራጮችን አንድ በአንድ ድምጽ ሰጠባቸው። አንዱም አብላጫ አላገኘም። የሜይ ስምምነት ራሱ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ የመጀመሪያው 432 ለ202 ነበር። 17.4 ሚሊዮን ሰው «እንውጣ» ብሎ ነበር፤ ግን በየትኛው በኩል እንደሆነ የተስማማ አልነበረም።

ስለ ገንዘብ ሲከራከሩ

አንድ ቀይ አውቶቡስ ነበር። ጎኑ ላይ «በየሳምንቱ ለአውሮፓ ኅብረት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን» የሚል ተጽፎበት በየከተማው ዞረ። ቁጥሩ የቅናሹን ገንዘብ ያልቀነሰ ነበር። ከኅብረቱ ተመልሶ ለገበሬውና ለክልሎች የሚመጣውንም አላየም። የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቆጣጣሪ አሳሳች ነው አለ። አውቶቡሱ ግን መዞሩን አላቆመም።

በመቆየት በኩል የነበሩትም ንጹሕ አልነበሩም። የገንዘብ ሚኒስቴሩ መውጣት ከተመረጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ኢኮኖሚው ይቆረቁዛል ብሎ ተንብዮ ነበር። አልሆነም። ፓውንድ በዚያች ሌሊት ክፉኛ ወደቀ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃም ተወደደ፤ የተባለው ቀውስ ግን ወዲያው አልመጣም። ይህ ትንበያ ባለመድረሱ ብዙ ሰው ሌላውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ «ማስፈራሪያ» ብሎ ጣለው። እኔ እዚህ ላይ በመቆየት ዘመቻው አዝናለሁ። ሰውን አስፈራርቶ ማሳመን ይቻላል ብሎ ማሰብ ለመራጩ ንቀት ነው።

የመውጣት ዋጋ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የብሪታንያን በጀት በገለልተኝነት የሚተነብየው መሥሪያ ቤት፣ ኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ከሚኖራት ጋር ሲነጻጸር፣ ምርታማነቷ በረጅም ጊዜ በ4 በመቶ ያንሳል ብሎ ይገምታል። ይህ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታችሁ የምታዩት ነገር አይደለም። ያልተከፈተ ፋብሪካ፣ ያልተጨመረ ደመወዝ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያልመጣ ነገር ደግሞ ፎቶ አይነሣም።

ስለዚህ ገንዘብን ስታወዳድሩ የሚላከውን ብቻ ሳይሆን የሚመለሰውንም ያዙ። ሩቅ ቁጥር ስትሰሙም ለማን እንደሚደርስ ጠይቁ። ኮርንዎል ከኅብረቱ የልማት ገንዘብ በብዛት ካገኙት የእንግሊዝ አካባቢዎች አንዷ ነበረች፤ 56.5 በመቶዋ መውጣትን መረጠ። አንዳንዱ በዚህ ይስቃል። እኔ አልስቅም። መንገዱ ተሠርቶ ልጁ ሥራ ፍለጋ ከሄደበት፣ መንገዱ ላይ የተለጠፈው የኅብረቱ ሰማያዊ ባንዲራ ምን ያደርግለታል?

ስለ ስደተኛ ሲከራከሩ

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ተቀላቅሎ ይቀርባል። አንደኛው «ማን እንደሚገባ ማን ይወስን?» ነው። ሁለተኛው «ስንት ሰው ይግባ?» ነው። የመጀመሪያውን መውጣት ይመልሰዋል፤ በካናዳ መንገድ ከወጣችሁ ውሳኔው የናንተ መንግሥት ነው። ሁለተኛውን ግን አይመልስም። ብሪታንያ ከወጣች በኋላ ከአውሮፓ የሚመጣው ሰው ቀነሰ፣ ከሌላው ዓለም የሚመጣው ግን በጣም ጨመረ። እስከ ጁን 2023 ባለው አንድ ዓመት ከወጡት በላይ የገቡት ከ900 ሺህ አልፈዋል። ያን ያህል ፈቃድ የሰጠው የራሷ መንግሥት ነው። ቁጥሩ እንዲቀንስ ብሎ የመረጠ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ደግሞ መዝጋት በሁለቱም በኩል ነው። ድሮ ስፔን ሄዶ መኖር ለብሪታንያዊ ጡረተኛ ቲኬት መቁረጥ ብቻ ነበር። አሁን በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት ፈቃድ ይጠይቃል። ወጣት ልጅ ያላችሁ ይህን ከልጃችሁ ጋር ተነጋገሩበት። በ2016 ወጣቱ በአብዛኛው መቆየትን፣ አዛውንቱ በአብዛኛው መውጣትን መርጧል። አንድ ማዕድ ላይ ቀርበው የተኳረፉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ስለ ሉዓላዊነት ሲከራከሩ

ይህን በገንዘብ መመለስ አይቻልም፤ የሚሞክርም ሰው ተሳስቷል። «የሚገዛኝን ሕግ የሚያወጣውን ሰው መርጬ መሻር እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ትልቅ ነገር ነው የተናገረው። ደሀ ብሆንም ይሻለኛል ካለ ደግሞ ምርጫው ክቡር ነው።

የምመክረው ግን ይህ ነው። ሊቀየር የምትፈልጉትን ሕግ በስም ጥሩ። ሦስት ከጠራችሁ መሬት የያዘ ክርክር አላችሁ ማለት ነው። አንድም ካልመጣላችሁ የምትፈልጉት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መደመጥ፣ ወይም በመንግሥታችሁ ላይ ቁጣችሁን መግለጥ። እሱም ተገቢ ነው፤ ለእሱ ግን መደበኛው ምርጫ አለ።

ግሪንላንድ በስም ጠርታለች። የፈለገችው ዓሣዋን ነበር። በ1982 ድምጽ ሰጠች፣ 53 በመቶ ገደማው መውጣትን መረጠ፣ በ1985 ወጣች። ከዚያ ለኅብረቱ መርከቦች የማጥመድ ፈቃድ እየሰጠች ዓሣዋን ያለ ቀረጥ መሸጥ ቀጠለች። የፈለገችውን አውቃ ስለወጣች ያገኘችውንም መለካት ቻለች። ይህም ሆኖ አምሳ ሺህ ገደማ ሕዝብና አንድ ዋና አጀንዳ ይዛ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል።

ካርታውን ዘርጉ

ብሪታንያ ውስጥ በዘመቻው ወቅት ብዙም ያልተወራ፣ ኋላ ግን ሁሉን ያቃወሰ ጉዳይ ሰሜን አየርላንድ ነው። በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንበር አለ። ለሠላሳ ዓመት ደም ፈስሶበት በ1998 ሰላም ወረደ። ሁለቱም ወገን ኅብረቱ ውስጥ ስለነበር ድንበሩ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ አላስፈለገም። ሰው ሳያስተውለው ይሻገረዋል።

አንዱ ወገን ሲወጣ ፍተሻው የሆነ ቦታ መቆም አለበት። መሬቱ ላይ ከቆመ ሰላሙ ይነካል። ባሕሩ ላይ ከቆመ አንዲት ሀገር ለሁለት ትከፈላለች። መጨረሻ ላይ ባሕሩ ተመረጠ፤ በዚያ የተቆጡትን ለማለዘብ ደግሞ በ2023 የዊንዘር ማዕቀፍ የተባለ ሌላ ስምምነት መጣ። ከነጠላ ገበያውና ከጉምሩክ ኅብረቱ ለሚወጣ ሀገር ሦስተኛ መልስ አልነበረም።

ስለዚህ ካርታውን አውጡና አዲሱ ድንበር በማን ደጃፍ እንደሚያልፍ እዩ። የሚያልፍባቸው ሰዎች እንዴት እንደሚመርጡም አስቡ። ሰሜን አየርላንድ 55.8 በመቶ፣ ስኮትላንድ 62 በመቶ መቆየትን መርጠው ነበር። ስኮትላንዳውያን ገና በ2014 ከብሪታንያ እንገንጠል ወይ ተብለው 55 በመቶው አይሆንም ብሏል። ያኔ ከቀረቡላቸው ክርክሮች አንዱ ብሪታንያን ለቅቆ መውጣት ከአውሮፓ ኅብረት ያስወጣል የሚል ነበር። በሁለት ዓመቱ የሆነውን አስቡት። ከትልቁ ኅብረት መውጣት ትንሹን ኅብረት ሊያናጋ ይችላል።

መመለስ ይቻላል?

ሁለቱ ምርጫዎች እዚህ ላይ እኩል አይደሉም። ዛሬ ቆይታችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ መውጣት ትችላላችሁ። ዛሬ ወጥታችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመመለስ ግን የሁሉም አባል ሀገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የድሮው ቅናሽና ልዩ መብትም አብሮ እንደሚመለስ ዋስትና የለም። የመውጫው ሰዓትም በእጃችሁ አይደለም። በኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 መሠረት ደብዳቤው ከገባ ሁለት ዓመት ነው፤ ለማራዘም የሌሎቹ ሁሉ ስምምነት ይጠየቃል። ብሪታንያ ዕቅዷ ሳይለይ በማርች 2017 ደብዳቤውን ሰጠች። ከዚያ ሦስት ጊዜ አራዝሙልኝ ብላ ለመነች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

የድምጹን ደንብም አስቀድማችሁ እወቁ። ሞንቴኔግሮ በ2006 ከሰርቢያ ለመለየት 55 በመቶ ያስፈልጋል ተብሎ 55.5 አገኘች። ኩቤክ በ1995 ከካናዳ አልለይም ያለችው በ50.58 በመቶ ነው። ደንቡ ላይ መከራከር ያለባችሁ ውጤቱን ሳታውቁ ነው።

እንግዲህ የቱ?

ዋናው ጉዳያችሁ ሥራና ንግድ ከሆነ መቆየት ይሻላል፤ ካልተቻለ ኖርዌይ። ማን እንደሚገባ መወሰን ከሆነ ኖርዌይንና ስዊዘርላንድን እርሱ፤ የቱርክ ወይም የካናዳ መንገድ ነው የሚሆነው፣ ወረቀቱንና ወጪውን ተቀብላችሁ። ሕጋችሁን ራሳችሁ ማውጣት ከሆነ ደግሞ የካናዳ መንገድ። ድንበር ላይ የሚኖር ወገን ካላችሁ ከምንም በፊት እሱን ጠይቁ።

የራሴን አቋም አልደብቅም። የመውጣት ዘመቻው በየትኛው በር እንደሚወጣ በጽሑፍ ካላስቀመጠ እኔ መቆየትን እመርጣለሁ። ዘመቻው በሩን ሰይሞ፣ ዋጋውን ተናግሮ፣ ድንበሩ የት እንደሚቆም አሳይቶ ከመጣ ግን ቁጭ ብዬ አደምጠዋለሁ። ዕቅዱ እጃችን ሲገባ ሁለተኛ ድምጽ ይኑረን የሚሉም አሉ፤ አንድ ጊዜ በመርህ ደረጃ፣ አንድ ጊዜ በስምምነቱ ላይ። ለእኔ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ድምጽ በፊት በሕግ መጻፍ አለበት። በኋላ የመጣ እንደሆነ ያሸነፈው ወገን ድምጼን ሰረቁኝ ይላል፤ ቢል አይፈረድበትም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በ2016 የመራጮች ምዝገባ የመጨረሻው ምሽት ጁን 7 ነበር። በዚያ ምሽት የመንግሥት ድረ ገጹ በሰው ብዛት ተጨናንቆ ወደቀ፤ ቀኑም በ48 ሰዓት ተራዘመ። ለናንተ ላይራዘም ይችላል። ስማችሁ መዝገቡ ላይ መኖሩን ዛሬ አረጋግጡ፤ አብሯችሁ የሚኖረውን፣ በሐሳብ የማትግባቡትን ሰው ስምም ጭምር።